እየሠራችሁ ኤክስኪዩቲቭ ኤምቢኤ ልትማሩ ነው? ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጨርሱ

ኤክስኪዩቲቭ ኤምቢኤ፣ ማለትም ሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች የሚሰጠው የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ፣ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የት ይሻላል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ተራው ገና ነው። ሥራ ላይ ያለ ኃላፊ ትምህርቱን የሚጨርሰውም መሀል ላይ የሚያቋርጠውም በአብዛኛው በመሥሪያ ቤቱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ እንጀምር፤ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል።

ከዚያ በፊት ግን ትምህርቱ ለእናንተ መሆኑን እዩ። በዚህ መልክ መጀመሪያ የከፈተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1943 እ.ኤ.አ.። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ሥራውን ያልለቀቀ ኃላፊ ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር በአንድ ባች ሆኖ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይም በየተወሰነ ጊዜ ለጥቂት ቀናት እየተሰበሰበ ይማራል። ግማሹ ትምህርት ከመምህሩ ይመጣል፤ ግማሹ አጠገባችሁ ከተቀመጠው የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሆስፒታል ዳይሬክተሯ፣ ከባንክ ዲስትሪክት ኃላፊው። እናንተም የምታመጡት ነገር ሊኖራችሁ ይገባል። ሥራ ከጀመራችሁ ሦስት አራት ዓመት ከሆነና በሥራችሁ የምታስተዳድሩት ሰው ወይም በጀት ከሌለ፣ መደበኛው የማታ ኤምቢኤ ይሻላችኋል። ዋጋውም ይቀንሳል፣ መሠረቱንም ረጋ ብሎ ያስይዛል።

ቀጥሎ፣ ለምን እንደምትማሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ራሴን ለማሻሻል" አይቆጠርም። ኢንጂነር ሆናችሁ ፕሮጀክት እየመራችሁ የሒሳብ ክፍሉ የሚያመጣውን ሪፖርት ማንበብ ካቃታችሁ፣ እሱ ምክንያት ነው። የግዢ ኃላፊ ከሆናችሁ ደግሞ እንዲህ አስቡ፦ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ፣ መጋዘን ወርዶ፣ ተሸጦ፣ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ድረስ የድርጅቱ ብር ስንት ቀን ታስሮ ይቆያል? ያንን ቀን አስልቶ፣ የትኛው ጋ ማሳጠር እንደሚቻል ለማኔጅመንቱ በቁጥር ማሳየት የሚችል ሰው ነው ከፋይናንስ ኮርሱ መውጣት ያለበት። ምክንያታችሁ በዚህ ደረጃ ግልጽ ሲሆን አሠሪውን ማሳመንም ይቀላል።

ምክንያታችሁ የደረጃ ዕድገት ብቻ ከሆነም ምንም ነውር የለውም። ግን የሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ የሥራ መደቡን መስፈርት በጽሑፍ እዩ። መስፈርቱ ሁለተኛ ዲግሪ ብቻ ካለ፣ "ኤክስኪዩቲቭ" ለሚለው ቃል ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ አለቃ። ጊዜ ምረጡ። የመንግሥትና የብዙ ድርጅቶች በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የሥልጠና በጀት የሚያዘው ከዚያ በፊት ነው። ነሐሴ ላይ "ክፈሉልኝ" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ "የዘንድሮው አልቋል" ነው። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጁ። ምን እንደምትማሩ፣ በየትኞቹ ቀናት ከሥራ እንደምትቀሩ፣ እናንተ በሌላችሁበት ማን እንደሚተካችሁ፣ የቤት ሥራና የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በድርጅቱ በራሱ ችግር ላይ እንደምትሠሩ ይኑርበት። ገንዘብ ቢከለክሏችሁ እንኳ ጊዜውን ጠይቁ። በጽሑፍ የተፈቀደ አርብ ከሰዓት ከብር የማይተናነስ ድጋፍ ነው፤ በቃል የተፈቀደ ፈቃድ ደግሞ አለቃ በተቀየረ ማግስት ይጠፋል።

ድርጅቱ እሺ ብሎ ከፈለ እንበል። ያኔ የአገልግሎት ግዴታ ውል ይመጣል፤ እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ሰው በደስታ ውስጥ ሆኖ ሳያነብ የሚፈርመው ወረቀት ይህ ነው። የግዴታው ዘመን መቆጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው? ኮርስ ካለቀበት ቀን፣ ከተመረቃችሁበት ቀን ወይስ ዲግሪውን ለመሥሪያ ቤቱ ካስረከባችሁበት ቀን? ልዩነቱ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። መሀል ላይ ብትለቁ የምትመልሱት ሙሉውን ነው ወይስ የቀረውን ዘመን ያህል? ከትምህርት ክፍያው ሌላ በትምህርት ቀናት የተከፈላችሁ ደመወዝም ይጠየቃል? ድርጅቱ ራሱ ቢቀንሳችሁስ? ዋስ ካስፈለገ፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር ነው የሚጠየቀው? በተለይ ዋስ የሚሆናችሁ ወንድም ወይም ጓደኛ ይህንን ሳያውቅ እንዳይፈርም። ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፤ የምታውቁት የሕግ ሰው ካለ አሳዩት። እንዲስተካከል መጠየቅ የሚቻለው ከመፈረም በፊት ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ምርጫው ከዚህ በኋላ ይምጣ። አገር ውስጥ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ መኖሩን አረጋግጡ። ተቋሙ ስመ ጥር ስለሆነ ብቻ አትለፉት፤ ፈቃድ የሚሰጠው በፕሮግራም፣ በካምፓስና በአሰጣጡ ዓይነት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ አሰጣጥ ፈቃድ እንዳለው ነው። የማስታወቂያ ባነር ላይ የተጻፈ "እውቅና ያለው" የሚል ቃል በቂ አይደለም።

የውጭ ከሆነ ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡ ሦስት የእውቅና ስሞችን ፈልጉ፦ የአሜሪካው ኤኤሲኤስቢ (AACSB)፣ የለንደኑ አምባ (AMBA) እና መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው ድርጅት የሚሰጠው ኤኩዊስ (EQUIS)። ሦስቱንም የያዙ ትምህርት ቤቶች አፍሪካ ውስጥም አሉ፤ የካይሮው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ፣ የኬፕታውንና የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲዎች ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ከእነሱ መካከል ናቸው። ዝርዝሩን ከትምህርት ቤቱ ብሮሹር ሳይሆን ከሰጪው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ። ኦንላይን ብቻ የሚሰጥ የውጭ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ባለሥልጣኑ ጋ ሄዳችሁ የአቻ ግምት (ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ) ይሰጠው እንደሆነ ጠይቁ። ተምሮ ጨርሶ ወረቀቱ የማይያዝለት ሰው ያሳዝናል፤ ጥያቄው ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ዋጋው ሰፊ ልዩነት አለው። እንደ ዋርተን ያሉት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለኤክስኪዩቲቭ ፕሮግራማቸው ከ200,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፤ ይህ በድርጅት ወይም በስኮላርሺፕ ካልሆነ ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም። ናይሮቢም ሆነ ኬፕታውን ብትመርጡ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ የሚታሰብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፤ ስለዚህ በዛሬው ተመን ብቻ አታስሉ፣ ለሁለተኛው ዓመት ክፍያ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና ማደሪያም አለ። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ አሠሪያችሁ የትምህርት ድጋፍ ፕሮግራም እንዳለው ጠይቁ፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ያለ ግብር ሊከፍልላችሁ ይችላል፣ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

ፈተናውን አትፍሩት፣ ግን አትናቁት። አገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው፣ ሁላችንም ጋት የምንለው፣ አለ። በውጭ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጂማት (GMAT) ከሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ይልቅ ኤክስኪዩቲቭ አሰስመንት የሚባለውን ይቀበላሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን 90 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም ላይ ሰው የሚወድቀው ሒሳቡ ላይ ነው። ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ፐርሰንትና ሬሾ በእጅ ሠርተን ስለማናውቅ ነው፣ ሁሌ ኤክሴል ይሠራልናል። ሁለት ወር ሲቀር በየማታው ትንሽ ትንሽ ሥሩ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁን ዛሬውኑ ጀምሩት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከነበራችሁ የወጪ መጋራት ክፍያችሁ ማለቁን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። በደመወዝ ሲቆረጥ ኖሮ እንኳ፣ ያንን ከድሮ መሥሪያ ቤት አስጽፎ ማምጣት ሳምንታት ይወስዳል።

ጊዜ ላይ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ትምህርቱ የሚወስደው ቅዳሜና እሁድን ነው፤ ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩ፣ የዕድር ስብሰባውም ያለው ቅዳሜና እሁድ ነው። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ አስታርቆ የሚዘልቅ ሰው የለም። ከባለቤታችሁ ጋር ከመመዝገባችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ፣ የትኛው ላይ አብራችሁ እንደምትገኙ፣ የትኛው ላይ እሷ ወይም እሱ ብቻ እንደሚሄዱ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ተስማሙ። ባንክ ወይም ፋይናንስ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሒሳብ መዝጊያ አለባችሁ። የትምህርት ካላንደሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈተና ሰኔ 30 አካባቢ ከሆነ ለአስተባባሪው ከወዲሁ ንገሩት።

የመጨረሻው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ቴሲስ ላይ የቆመ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዳታ ነው። ርዕስ ይመርጣል፣ ፕሮፖዛሉ ያልፋል፣ ከዚያ መረጃውን የያዘው ክፍል "የድርጅት ምስጢር ነው" ይለዋል፤ አዲስ ርዕስ ሲፈልግ ሥራ ይደራረብበታል፣ ዓመቱም ያልቃል። ስለዚህ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ርዕስ አስቡ፣ ከራሳችሁ ሥራ ይሁን፤ የቅርንጫፍ ብድር አሰባሰብ፣ የመለዋወጫ ክምችት፣ የሠራተኛ ፍልሰት፣ የሚያሳስባችሁ ማንኛውም ነገር። ፕሮፖዛል ከማስገባታችሁ በፊት ዳታውን ከሚሰጠው ክፍል የፈቃድ ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው ላይ የትኛው መረጃ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ ማኅተም ይረፍበት፣ አንዱ ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር።