ከተጣለ ነጠላ ጫማ የባሕር ኤሊ አሠራር

በኬንያ የባሕር ዳርቻ ማዕበል የሚተፋውን ነጠላ ጫማ እየለቀሙ እንስሳ የሚቀርጹ ባለሙያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በኬንያዋ ላሙ ደሴት የተሠራችው ፍሊፕፍሎፒ የተባለች ጀልባም ገላዋ የተለበጠው በነጠላ ጫማ ቁራጭ ነው።

20 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ኤሊ 8 ሶል ይበቃል፤ ስድስቱ ለገላው፣ ሁለቱ ለእግሮቹና ለጭንቅላቱ። ማሰሪያውን ነቅላችሁ ሶሉን በዱቄት ሳሙና በብሩሽ ፈትጉት፤ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁና ሁለት ቀን ጥላ ላይ አድርቁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ጨው፣ አሸዋ ወይም እርጥበት ከቀረበት ስትቀርጹት ተደራርቦ የተጣበቀው ሶል ይላቀቃል።

እርስ በርስ የሚጣበቁትን የሶሎቹን ሁለቱንም ገጽ ማስቲሽ በስሱ ቀቡና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በጣት ሲነካ ካልተጣበቀ ደርሷል፤ ቸኩሎ ማጣበቅ አየርና ፈሳሽ መሐል ያስቀራል። ቀለሞቹን አፈራርቃችሁ ደርድሩ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ማስቲሹ ስለሚሸት ደጅ ሥሩ።

በስል ቢላ ከላይ ወደ ታች በቀጫጭኑ ላጩ። የደነዘ ቢላ ሶሉን ይቦጭቀዋል። ማለስለሻው 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 180 ነው። አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ከሥር ሸራ አንጥፉ፤ ብናኙ ራሱ ፕላስቲክ ነውና ነፋስ ከወሰደው ተመልሶ ባሕር ይገባል።

ቀለም አትቀቡት። የጫማው ቁጥርና የተረከዙ ጉድጓድ ሲታይ ነው ተመልካች ቆም የሚለው። ሥሩ ላይ የተለቀመበትን ቦታ፣ ቀንና የሶሉን ብዛት ብቻ ጻፉ።