አዲሱ ቁም ሣጥን መኝታ ክፍል ከመግባቱ በፊት

የልጄን የመጀመሪያ ቁም ሣጥን የሠራሁት በቺፕውድ ነበር። ፊቱ ነጭ፣ በሮቹ ድምፅ ሳያሰሙ የሚዘጉ፣ የኮራሁበት ሥራ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ዐይኗን እያሸች ወጣች፤ ጉሮሮዋንም ከርክሯታል። በሩን ከፍቼ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ የእኔም ዐይን እንባ ሞላ። አናጢ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ የማደርገውን ነው የምጽፍላችሁ።

ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔርሳቶ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ብናኝ ወይም ስስ ንጣፍ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠሩ ናቸው። በአብዛኛው ሙጫው የዩሪያና የፎርማልዲሃይድ ውህድ ነው። ከደረቀም በኋላ የአየሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ፎርማልዲሃይዱም ዐይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ጋዝ ሆኖ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወጣል። ክፍሉ ሲሞቅና ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ስትገዙ ኢ1 (E1) የሚለውን የአውሮፓ ምልክት ጠይቁ። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር አንድ ካሬ ሜትር እንጨት መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አየሩ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ እየተቀየረ ሲለካ፣ ፎርማልዲሃይዱ በሜትር ኩብ ከ0.124 ሚሊግራም አልበለጠም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለቤት ውስጥ አየር ያስቀመጠው መጠን ግን በ30 ደቂቃ አማካይ በሜትር ኩብ 0.1 ሚሊግራም ነው። ሌሊቱን ተዘግቶ የሚያድር መኝታ ክፍል ደግሞ አየሩ በየሰዓቱ አይቀየርም። ስለዚህ እኔ ምልክቱን አይቼ ብቻ አልረካም።

ከእንጨቱ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ቆርጬ ንጹሕና ሽታ የሌለው የመስታወት ማሰሮ ውስጥ እከታለሁ፤ ክዳኑን አጥብቄ ሞቅ ባለ ቦታ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ክዳኑን ከፈት አድርጌ በእጄ ወደ አፍንጫዬ አራግባለሁ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ያንን እንጨት ለመኝታ ክፍል አልጠቀምበትም። ይህ መለኪያ አይደለም፤ ሽታ የሌለው ሁሉ ደኅና ነው ማለትም አይቻልም። መጥፎውን ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ረድቶኛል።

ዋናው ሥራ ጠርዙ ላይ ነው። የተለበጠው ፊት ጋዙን አፍኖ ይይዛል፤ መጋዝ ያለፈበት ጠርዝ ግን እንደ ስፖንጅ ክፍት ነው። ደንበኛ የሚያየው የፊቱን ጠርዝ ስለሆነ ብዙ አናጢ እሱን ብቻ ለብጦ ግድግዳ የሚነካውን፣ ታችኛውንና ላይኛውን ይተዋል። እኔ ሳይገጣጠም በፊት አራቱንም ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት አለሰልስና በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ እቀባለሁ። የመጀመሪያው እጅ ወዲያው ይጠጣል፤ ያልተቀባ ይመስላል። ሁለተኛው ሲደርቅ ሻካራ ይሆናል፣ እንደገና አለሰልሰዋለሁ። ጣት ሲያልፍበት የሚንሸራተተው በሦስተኛው ነው፤ እስከዚያ አላቆምም። ለማጠፊያ የሚቦረቦረው 35 ሚሊሜትር ጉድጓድና የመደርደሪያ ቀዳዳዎቹም በትንሽ ብሩሽ ይቀባሉ። ልባጥ የሌለው የጀርባ ገጽም እንዲሁ።

ቁም ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት በሮቹና መሳቢያዎቹ ተከፍተው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ክፍሉን ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ቀለሙ ቀድሞ ተቀብቶ ይለቅ፤ በቲነር የሚቀጥነው የዘይት ቀለም ከውኃው ቀለም እጅግ የበለጠ ጋዝ ያወጣልና ለልጆች ክፍል አልመክረውም።

ወለሉም ላይ አንድ ነገር አለ። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ የፕላስቲክ ምንጣፍ በኮላ ከተለጠፈበት፣ እርጥበቱ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ሆኖ ኮላውንና ምንጣፉን ያፈራርሳል፤ የሚከረፋና ዐይን የሚቆጠቁጥ ጋዝም ይወጣል። በየጎኑ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ከ16 ሰዓት በኋላ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ምንጣፉ ይቆይ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ጠዋትና ማታ ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን አንድ ላይ ክፈቱ። አንዱን ገርበብ አድርጎ ከመዋል፣ ሁለቱን ወለል አድርጎ ለሩብ ሰዓት መክፈት አየሩን ያስወጣል። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳልና ሽታውን የምትፈትኑት ከውጭ ቆይታችሁ ስትገቡ ይሁን። ሽቶ አትርጩ፤ በጋዙ ላይ ሌላ ጋዝ መጨመር ነው። አቧራ የሚያጠራ ማሽንም ጋዝ አይይዝም።

ቁም ሣጥኑ ቀድሞ ተሠርቶ ከገባ ደግሞ መጣል የለበትም። ልብሱን አውጡ፣ ከግድግዳው አላቁት፣ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ንቀሉና ያልተለበጠውን ጠርዝ ሁሉ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ፈልጋችሁ ከላይ እንዳልኩት ቀቡት። የልጄን ቁም ሣጥን ያዳንኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።