በፍተሻ የገባህበትን ቤት በሰው ፊት እንዴት ታወራለህ?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1977 ብሔራዊ ውትድርና ተመልምዬ አስመራ ነበርኩ፤ ከሻዕቢያ ጋር በሚዋጋው የደርግ ጦር፣ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት። ስለዚያ ጊዜ እስካሁን አራቴ በሰው ፊት አውርቻለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። አሁን አሁን የቀድሞ ወታደሮች ሱቅ ድረስ እየመጡ "እንዴት ነው የሚደረገው?" ይሉኛል። ሱሪ እየለካሁ የምነግራቸውን ነው የምጽፈው።

በጦርነቱ ስም አትጨቃጨቅ። እኛ "አንድነት ማስከበር" እንለው ነበር። በራቸውን የምናንኳኳባቸው ሰዎች ሌላ ስም ነበራቸው። ወሬው በዚህ ከተጀመረ አይነጋም። ሰዓት እላፊ ነበረ፣ ኬላ ነበረ፣ የቤት ለቤት ፍተሻ ነበረ። እሱን ተናገር።

ከዚያ አንድ ቤት ምረጥ። አንድ ብቻ። ስለ አፋቤት ውጊያ፣ ስለ ምጽዋ ውጊያ፣ በግንቦት 1983 በእግሬ ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ ስለሄድኩበት መንገድ ብትጠይቀኝ እስከ ነገ አወራለሁ። ግን ያ የኔ መከራ ነው። ሰው ሰምቶ "አይዞህ" ይልሃል፣ አንተም ቀለለኝ ብለህ ትወጣለህ። ቤቱ ግን እዚያው ቀረ።

እኔ የመረጥኩት ቤት አስመራ፣ አባሻውል ሰፈር ነው። መሣሪያ ተደብቋል ተብሎ ሌሊት ገባን። ጥግ ላይ የዱቄት ጆንያ አለ። ሳንጃዬን ሰካሁበት፤ ምንም የለም። ደግሜ ሰካሁ። ጆንያው ተቀደደና ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ታፍስ ጀመር፤ ንጹሑን ለብቻ፣ መሬት የነካውን ለብቻ። አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። ይኸው ነው። የሞተ ሰው የለም። ግን ባለቤቴ ዱቄት ስትነፋ እስከ ዛሬ ከቤት እወጣለሁ። ብናኝ የማይስማማኝ ይመስላት ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ለቤትህ ሰው ንገር። ከጎረቤት ስትሰማ ደስ አይላትም።

አሁን ስህተቴን ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀን በእድራችን አዳራሽ ነበር። ከእንቅልፍ ማጣቴ ጀመርኩ። ቀጥዬ የ2014ቱን አነሳሁ። የትግራይ ኃይሎች ደሴን ይዘው በነበረ ጊዜ የኛም በር ተንኳኳ። የገባው ልጅ ሃያ የሞላው አይመስልም። የጠመንጃ አያያዙን ሳይ እንደፈራ ገባኝ፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምይዘው። "አሳዘነኝ" አልኩ። ከፊት የተቀመጠች፣ በነዚያ ሳምንታት ልጇን የቀበረች እናት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች። "ላንተ እሱ አሳዘነህ። የኔስ?" ብላ ወጣች። የምመልሰው አልነበረኝም። ልክ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን አልለውጥም። እጄ ምን እንዳደረገ እናገራለሁ። ሰው ከጠየቀኝ ብቻ ልቤ ምን እንደሆነ እጨምራለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ አልልም። ይቅር የምትለኝ ሴት አባሻውል ናት፣ በሕይወት ካለች። ደሴ ያለ ሰው በሷ ፋንታ ምን ያድርግልኝ?

የጓደኞችህን ስም አታንሳ። ያንተንም መደበቅ ከፈለግህ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በፍልስጤማውያን ከተማ በኬብሮን ያገለገሉ የእስራኤል ወታደሮች "ዝምታን መስበር" የሚል ድርጅት አቋቁመው ቴል አቪቭ ላይ ፎቶ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ ምስክርነት ከሰጡት ወታደሮች ብዙዎቹ ስማቸውን አልገለጹም። አገራቸው ውስጥ ከሃዲ ያላቸው ብዙ ነው። አንተንም የሚልህ አይጠፋም። ሌላው ያደረገውን "ሰምቻለሁ" ብለህ አትጨምር፤ አንዱ ውሸት ከተገኘ የእውነቱ ቤት አብሮ ይፈርሳል።

ቦታና ሰዓት? በርጫ ላይ አይሆንም። መጠጥ ቤትም አይሆንም። ከአሥራ አምስት ሰው አይብለጥ። ደሴ እንደሆነ ሲመሽ ጉምና ብርድ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ ጀምር። ቡና ይፈላ። አቦል እየተጠጣ አውራ፣ ቶና ላይ ጥያቄ፣ በረካ ላይ ሌላ ወሬ። አንድ ወዳጅህ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ አቋርጦ የሚወጣ ሰው ካለ ብቻውን እንዳይሄድ አብሮት ይውጣ። ያን ዕለት ካቲካላ አትቅመስ። ሌሊቱ ይከብዳል፤ እኔ የመጀመሪያውን ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ሳምንት ከቀጠለ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂድ። እኔ ሄጃለሁ፤ ያፈርኩት በሩ ላይ ብቻ ነው።

ለጥያቄ ባጭሩ መልስ። ባለፈው አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ አብረዋት አፈሱ?" አለኝ።

"አላፈስኩም" አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። ስኒ ተመለሰ፣ ቶና ተቀዳ።