በጎልፍ የአንድ ለአንድ ውርርድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ ትልቅ የጎልፍ ውድድር ከመቶ በላይ ተጫዋቾች ስለሚሰለፉ አሸናፊውን አስቀድሞ መገመት እጅግ አስቸጋሪ ነው። አወራራጅ ድርጅቶች ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ብቻ ነጥለው «ከሁለቱ የተሻለ ውጤት የሚያመጣው ማን ነው?» ብለው የሚያቀርቡት ውርርድ የአንድ ለአንድ ውርርድ ወይም ማችአፕ ይባላል። በጎልፍ የተሻለ ውጤት ማለት ኳሷን በጥቂት ምት ወደ ጉድጓዶቹ ማስገባት ነው። የመረጡት ተጫዋች አርባኛ ቢወጣም ተፎካካሪው አርባ አንደኛ ከወጣ ውርርዱን አሸንፈዋል ማለት ነው። ውርርዱ ለአንድ ዙር፣ ማለትም ለ18 ጉድጓድ፣ ወይም ከሐሙስ እስከ እሑድ ለሚዘልቀው የ72 ጉድጓድ ውድድር በሙሉ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የስፖርት ውርርድን ያገደውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህን ውርርድ በእጅ ስልካቸው ያገኙታል። ምርጫው ሁለት ብቻ በመሆኑ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚፈጸመው ስህተት የአከፋፈል ደንቡን ሳያነቡ መወራረድ ነው። ተወራራጁ የሚገዛው የተጫዋቹን ችሎታ ብቻ ሳይሆን አንድ የውል ቃልም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በኦሃዮ በተካሄደው የሜሞሪያል ውድድር ጆን ራም ከሦስተኛው ዙር በኋላ በስድስት ምት ልዩነት እየመራ ሳለ የኮቪድ ምርመራ ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለበት በማሳየቱ ከውድድሩ እንዲወጣ ተደረገ። የብዙ አወራራጆች ደንብ እንደሚለው አንድ ተጫዋች መጫወት ከጀመረ በኋላ ካቋረጠና ተፎካካሪው ከቀጠለ፣ ውርርዱን የሚያሸንፈው የቀጠለው ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ራም በውጤት እጅግ ርቆት የነበረው ተፎካካሪ እንኳ አሸናፊ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። ተጫዋቹ ገና የመጀመሪያውን ኳስ ሳይመታ ቢቀር ግን ውርርዱ ይሰረዝና ገንዘቡ ይመለሳል።

የማጣሪያው ደንብም እንዲሁ ነው። በአሜሪካው ዋና የባለሙያዎች የጎልፍ ጉዞ፣ በፒጂኤ ቱር፣ አብዛኞቹ ውድድሮች ከ36 ጉድጓድ በኋላ የሚቀጥሉት የመጀመሪያዎቹ 65 ተጫዋቾችና ከስልሳ አምስተኛው ጋር እኩል የሆኑት ብቻ ናቸው። አንዱ ማጣሪያውን አልፎ ሌላው በአንድ ምት ቢወድቅ ውርርዱ ዓርብ ማታ ያበቃል፤ ሁለቱም ቢወድቁ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ደንብ የሚታየው የ36ቱ ጉድጓድ ድምር ነው። በሌላ በኩል እንደ ትራቨለርስና አርቢሲ ሄሪቴጅ ያሉት ውድድሮች ማጣሪያ የሌላቸው በመሆናቸው ሁለቱም ተጫዋቾች አራቱን ዙር ይጫወታሉ። የአራት ቀን ውርርድ የገዛ የመሰለው ሰው የሁለት ቀን ውርርድ ገዝቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ የውድድሩን ዓይነት አስቀድሞ ማየት ግዴታ ነው።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ብዙ ገንዘብ በዝምታ የሚበላው ስህተት እኩል የመውጣትን ጉዳይ ችላ ማለት ነው። አንዳንዱ አወራራጅ ሁለቱ እኩል ምት ካስመዘገቡ ገንዘቡን ይመልሳል። ሌላው ደግሞ በእግር ኳስ ውርርድ እንደምናውቀው «እኩል» የሚለውን ሦስተኛ ምርጫ አድርጎ ያቀርብና፣ ተጫዋቾቹ እኩል ከወጡ አንዱን የመረጠው ሰው ይሸነፋል። በችሎታ ተመጣጣኝ የሆኑ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ዙር እኩል የመውጣታቸው ዕድል ወደ 10 በመቶ ስለሚጠጋ፣ ለእያንዳንዳቸው የማሸነፍ ዕድል የሚቀረው 45 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ አንዱ ድርጅት እኩል ሲሆን ገንዘብ እየመለሰ 1.91 ኦድ (ካሸነፉ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር)፣ ሌላው ደግሞ ሳይመልስ 2.10 ኦድ ሰጠ እንበል። ብዙ ሰው 2.10ን ይመርጣል። መቶ ጊዜ መቶ መቶ ዶላር ቢወራረዱ ግን በመጀመሪያው 45 ጊዜ 191 ዶላር፣ 10 ጊዜ ደግሞ የራስዎ መቶ ዶላር ይመለስልዎታል፤ ድምሩ 9,595 ዶላር ነው። በሁለተኛው 45 ጊዜ 210 ዶላር ስለሚያገኙ ድምሩ 9,450 ዶላር ብቻ ይሆናል። ትልቅ የሚመስለው ኦድ የባሰ ኪሳራ አለው። በዚያው ልክ ልብ ማለት የሚገባው፣ ተጫዋቾቹ ፍጹም ተመጣጣኝ ከሆኑ ሁለቱም ምርጫዎች ከ10,000 ዶላር በታች የሚመልሱ መሆናቸውን ነው፤ ልዩነቱ የአወራራጁ ድርሻ ነው። በ1.91 ኦድ ላለመክሰር ብቻ፣ ገንዘቡ የተመለሰባቸውን ሳይቆጥሩ፣ ከመቶ ውርርድ ከ52 በላይ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የችሎታን ልዩነት አግዝፎ ማየት ነው፤ ይህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የአንድ ባለሙያ ተጫዋች ውጤት ከዙር ወደ ዙር በሦስት ምት ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዛሬ 67 የመታው ሰው ነገ 73 ቢመታ የሚያስደንቅ አይደለም። የሁለት ሰዎችን ውጤት ስናነጻጽር የሁለቱም መዋዠቅ ስለሚደመር የልዩነታቸው መዋዠቅ ወደ አራት ምት ያድጋል። በዚህ ስሌት፣ እኩል መውጣትን ወደ ጎን ትተን፣ በአማካይ በአንድ ዙር ግማሽ ምት የሚበልጥ ተጫዋች በዚያ ዙር የማሸነፍ ዕድሉ 55 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ምት የሚበልጠው እንኳ 60 በመቶ ገደማ ነው። በአራቱ ዙር ድምር ሲታይ የግማሽ ምቱ ብልጫ ወደ 60፣ የአንዱ ምት ብልጫ ደግሞ ወደ 69 በመቶ ያድጋል። በባለሙያዎች መካከል በየዙሩ አንድ ምት መብለጥ እጅግ ትልቅ ልዩነት መሆኑን ያስታውሱ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄኛው ያለ ጥርጥር ያሸንፋል» ብሎ በአንድ ዙር 1.50 ኦድ ሲገዛ፣ ዕድሉ ከ66 በመቶ በላይ ነው ማለቱ ነው፤ ጎልፍ በ18 ጉድጓድ ይህን ያህል እርግጠኝነት የሚሰጠው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ብልጫው እውነተኛ ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ የአንዱን ዙር ሳይሆን የአራቱን ዙር ውርርድ ዋጋ መመልከት ይሻላል።

የቅርብ ጊዜ ውጤትን በጭፍን መከተልም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ የወጣ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ አቋም ላይ ነው ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ከየት እንደመጣ መመርመር ያስፈልጋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ማርክ ብሮዲ የፒጂኤ ቱርን የምት መረጃ ተንትነው እንዳሳዩት፣ ምርጦቹ ተጫዋቾች ከሌሎቹ የሚበልጡበት ምት 40 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ወደ ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ወዳለበት አጭር ሣር፣ ከሚመቱት ረጃጅም ምቶች ሲሆን፣ ኳሷን በግሪኑ ላይ አንከባልሎ ወደ ጉድጓዱ ከማስገባት፣ ማለትም ከፓቲንግ፣ የሚገኘው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፓቲንግ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጣም ሊያምር ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አብሮ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ተፎካካሪዎች ባለፈው ሳምንት ተቀራራቢ ደረጃ ካገኙ፣ አንዱ በፓቲንግ ሌላው ወደ ግሪን በሚመታቸው ምቶች ከሆነ፣ የሁለተኛው የበለጠ እምነት ይገባዋል።

በሜዳው ላይ ያለ ታሪክም በልክ መታየት አለበት። ልምድ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ታላቁ የማስተርስ ውድድር በሚካሄድበት በኦገስታ ናሽናል ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈበት ዓመት ማስተርስን ያሸነፈ ሰው ከፈዚ ዞለር በኋላ የለም፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ነገር ግን አንድ ተጫዋች በአንድ ሜዳ አራት ጊዜ ተወዳደረ ማለት ቢበዛ 16 ዙር ተጫወተ ማለት ነው። በ16 ዙር አማካይ ላይ ከሁለት ሦስተኛ ምት በላይ የሆነ ስሕተት መኖሩ የተለመደ በመሆኑ፣ «በዚህ ሜዳ በአማካይ በግማሽ ምት ይበልጠዋል» የሚለው ማስረጃ ከአጋጣሚ ብዙም አይለይም።

የመነሻ ሰዓትን አለማየት ደግሞ በተለይ ነፋስ በሚበዛባቸው ሜዳዎች ዋጋ ያስከፍላል። ባለፉት ዓመታት ከታዩት ሁሉ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የፕሌየርስ ውድድር ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በዝናብና በነፋስ ምክንያት ሐሙስ የተጀመረው የመጀመሪያ ዙር የተጠናቀቀው ቅዳሜ ሲሆን ውድድሩ ያበቃው ሰኞ ነበር። በእንዲህ ያለ ሳምንት ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ሜዳ ላይ ሆነው ፈጽሞ የተለያየ አየር ይገጥማቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሐሙስ ጠዋት የወጣው ዓርብ ከሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት የወጣው ዓርብ ጠዋት ይጫወታል። የመነሻ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞ ስለሚታወቅ፣ ሰኞ የገዙት የአራት ዙር ውርርድ ይህን መረጃ ሳይዙ የገዙት ነው። የትንበያው ነፋስ በአንዱ ፈረቃ ላይ ብቻ የሚበረታ ከሆነ፣ የሚመርጡት ተጫዋች በየትኛው ፈረቃ እንዳለ ማረጋገጥ ከማናቸውም የችሎታ ትንተና ይቀድማል።

ብዙ ማችአፖችን በአንድ ቲኬት ማሰር በእግር ኳስ ውርርድ የለመድነው ነገር ነው። የአወራራጁን ድርሻ ያባዛዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም፤ እኩል ዕድል ያላቸውን ሦስት በ1.91 ቢያስሩ የሚከፈልዎት 6.97 እጥፍ ሲሆን ትክክለኛው ዋጋ 8 ነበር፤ ኪሳራው ከ4.5 በመቶ ወደ 13 በመቶ ገደማ ይሄዳል።

በመጨረሻም ስም መግዛት አለ። ታላላቅ ስሞች ብዙ ተወራራጅ ስለሚስቡ አወራራጁ ዋጋቸውን ዝቅ ለማድረግ ምክንያት አለው። ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሰውነትም መታየት አለበት፤ ታይገር ውድስ እ.ኤ.አ. በ2023 ማስተርስ ማጣሪያውን ቢያልፍም በእግሩ ሕመም ምክንያት ሦስተኛውን ዙር ሳይጨርስ እሑድ ጠዋት ራሱን አግልሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጉዳት ዜና ያለበትን ተጫዋች ከመምረጥ ይልቅ፣ ተፎካካሪውን ምን ያህል እንደሚሸጡት ማየትና ዋጋው የማቋረጥን ዕድል ያላካተተ መሆኑን መመርመር የተሻለ መንገድ ነው።