የአማርኛ ስላይዳችሁ ክፍል ውስጥ ሳጥን ሳጥን እንዳይሆን

ለማስተማር ልምምድ ያዘጋጃችሁት የአማርኛ ፓወርፖይንት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ወይም የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል? ብዙ ሠልጣኝ «እኔና ኮምፒውተር አንስማማም» ብሎ ወደ ጠመኔው የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱ ግን የእናንተ አይደለም።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ከመገልበጣችሁ በፊት ኤፍ12ን ተጫኑ። ላፕቶፑ እምቢ ካለ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብራችሁ ያዙ። ማስቀመጫው መስኮት ሲከፈት፣ ከፋይሉ ስም ሥር ካለው ዝርዝር ፒዲኤፍን መርጣችሁ ሴቭ አድርጉ። ክፍል ውስጥ አክሮባት ሪደር በሚባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ከከፈታችሁት፣ ኮንትሮልና ኤልን አንድ ላይ ስትጫኑ ስክሪኑን ይሞላል። ከዚያ በቀስት ቁልፍ ገጽ መቀየር ነው።

የፓወርፖይንት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው የፎንቱን፣ ማለትም የፊደል ዓይነቱን፣ ስም ብቻ ነው። የተጠቀማችሁበት የአማርኛ ፎንት፣ ለምሳሌ ኒያላ ወይም ፓወር ግዕዝ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ካልተጫነ፣ ማሽኑ ያገኘውን ይተካል። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ደግሞ ይብሳሉ፤ የግዕዙን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ስለሆነ ፎንቱ ሲጠፋ እንግሊዝኛው ብቅ ይላል። ፒዲኤፍ ግን የፊደሉን ቅርጽ ራሱን ይዞ ይጓዛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፒዲኤፍ ላይ አኒሜሽን አይሠራም። ጥያቄ ጽፋችሁ መልሱ በክሊክ እንዲመጣ ካደረጋችሁ፣ ተማሪዎቹ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያዩታል። ጥያቄውን በአንድ ስላይድ፣ መልሱን በሚቀጥለው አድርጉት። ዋናውን የፓወርፖይንት ፋይልም አታጥፉ፤ ነገ ስታርሙ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው።