ሞክሼ ፊደላት እንዳይምታቱባችሁ

ደሴ ፒያሳ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ከጎኔ ቆሞ «ቶሎ በይ እንጂ እኅቴ» እያለ «ሥራ» በየትኛው ነው ብሎ መቆዘም አይቻልም። ፊደሉ ቀድሞ እጅ ላይ መኖር አለበት።

መጀመሪያ ሞክሼዎቹን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያየውን ፊደላት፣ በስማቸው ጥሯቸው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ከዚያ ቃሉን ከነቤተሰቡ ያዙ። «ሠራ» በንጉሡ ከሆነ «ሥራ»፣ «ሠራተኛ»፣ «መሥሪያ ቤት» ተከትለውት ይሄዳሉ። «ማኅበር»ና «ኅብረት»ም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ በብዙኃኑ። ሥሩ ሲያከራክር በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ይፈርዳል።

ትርጉም የሚያዞሩት ላይ በርቱ። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ምሥራቅ» ከዚያ መጣ። «ሰረቀ» ሌብነት ነው። «ድኅነት» መዳን፣ «ድህነት» ማጣት፤ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበር «ድህነትን እንሰብካለን» ብላችሁ ብትጽፉ ማን ይምራችኋል?

የሰው ስም ላይ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ይቀመጥ። ወሎ ውስጥ መሐመድም፣ ሙሐመድም፣ ሙሀመድም አለ። ዐረብኛው ለሐመሩ ይመሰክራል፤ እኔ ግን የማየው መታወቂያውን ነው። እዚያ «ሀይሉ» ካለ «ኃይሉ» ብላችሁ አታቃኑለት። በአንድ ፊደል ልዩነት ሰውየው «ስሙ ያንተ መሆኑን አስመስክር» ተብሎ ሊመላለስ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሞክሼ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ «ምክኒያት» ነው። «ምክንያት» በሉ! «ወስኗል»ና «ወስነዋል»ም አንድ አይደሉም፤ «ክቡር ዳኛው ወስኗል» የሚል ወረቀት ከእጄ አይወጣም።

ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ይህ «ምክኒያት»ን ያጋልጣል፣ ሞክሼን ግን አይነካም፣ ድምፃቸው አንድ ነውና። ለሞክሼ ከመጨረሻው ቃል ወደ ላይ እየተመለሳችሁ አንድ በአንድ በዐይን ፈትሹ። አንዱ ገጽ ላይ «ኃላፊ»፣ ሌላው ላይ «ሀላፊ» ካገኛችሁ በኮምፒውተሩ ፈልጋችሁ አንድ አድርጉት፤ ሁሉንም በአንዴ እንዲቀይር ግን አትዘዙት፣ የሰው ስም ውስጥም ገብቶ ይቀይራል።