አዲስ አኳሪየም? ከዓሣው በፊት ባክቴሪያው ይግባ

አዲስ አኳሪየም ውሃ ሞልታችሁ ዓሣ ለመጨመር አትቸኩሉ፣ እባካችሁ። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ገና ለዓሣ አልደረሰም። የዓሣ ዓይነ ምድርና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣን ይመርዛል። ይህን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ቀጥሎ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው።

በብዛት የሚሰፍሩት ውሃው ውስጥ ሳይሆን የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ እንዲባዙ ገና ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣቸዋል። ፊልተሩ ሌት ተቀን ይሥራ፤ ኦክስጅን ካጡ ይሞታሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ይገድላቸዋል፤ ማስወገጃ ጨምሩበት።

ባክቴሪያዎቹ በበቂ እስኪባዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ጤናማ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ ግን ያገለገለ የፊልተር ስፖንጅ ለምኑት። እኔ ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው፤ ጊዜውን በደንብ ያሳጥረዋል። ብቻ እንዳይደርቅ፣ ከነእርጥበቱ አምጡት።

በመመርመሪያ ኪት ስትለኩ አሞኒያና ናይትራይት 0 ሆነው ናይትሬት ከታየ፣ ጥቂት ዓሣ አስገቡ። ስፖንጁ ሲቆሽሽም ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ለቅለቅ አድርጉት እንጂ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት።